ሦስት ጣት

ሚስቴ ላባኒያ ባትሪ አላት፣ ትንሽ፣ በኪስ የምትያዝ፤
ብራህማፑትራ ዳር ያለ አፍ ሁሉ ለእሷ የሚታዘዝ።
በቀርከሃው በር ገብታ፣ ከምድጃው ጥግ ቁጢጥ ብላ፣
«እስኪ ክፈት» ትላለች፣ ሦስት ጣቷን ወደ ላይ ሰቅላ፤
«የራስህ ሦስት ጣት ተደራርቦ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ካልሄደ፣
ጉንጭህ ደርቋል፤ ውስጥ ውስጡን አንድ ነገር ለምዷል፣ ለመደ።»

እኔ ግን ታሙል ሻጭ ነኝ።
ከጀልባው ማረፊያ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሠላሳ ዓመት ተቀምጬበት፣
ፍሬ ስሰነጥቅ፣ ቅጠል በኖራ ስቀባ የኖርሁበት፣
ለሚፈልግም ትንባሆ ቆንጠር አድርጌ የጨመርሁበት።
እንግዳ የሚከበርበት፣ ሠርገኛ የሚጠራበት፣
የተጣላ የሚታረቅበት፣
ይህ እንዴት በሽታ ይባላል?
ሰው ከሰው ያስታረቀ ፍሬ፣ እንዴት አድርጎ ይገድላል?

እንዲህ ብዬ ስከራከራት፣ «እሺ» አለችኝ፣ «ይሁን፤
ክፈተውና ልየው ታዲያ፣ አንተ ያላመንኸውን።»
«በተዘጋ አፍ» አልኋት፣ «ዝንብ አይገባም።»
«እውነት ነው» አለች፣ «አይገባም።
ውስጥ ያለውም አይወጣም።»

በርበሬ ተወደደ ብዬ ከወጤ ያስቀረሁት፣
ትኩስ ሩዝ ሰለቸኝ ብዬ አብርጄ የበላሁት፣
የልጅ ልጄ ስትለምነኝ ማፏጨቱን «ረሳሁት»፣
ሰበብ ነበር ሁሉም።
ከቀኝ ጉንጬ ውስጥ ነጭ ነገር ነበር።
ሌሊት ሌሊት ምላሴ ሄዳ ስትዳብሰው፣
«ኖራ ነው» እላታለሁ፣ «ተይው።»
ኖራ ግን ሲያጥቡት ይለቃል፤ ይሄ አልለቀቀም፤
ሰባት ሳምንት ቆጠርሁ፤ ለማንም አልተነፈስሁም።

አንኮራፋለሁ። ማንኮራፋቴን አምላክ ይባርከው።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣
አፌን ከፍቼ እንደተኛሁ፣
አንድ ብርሃን ጥርሴን ነክቶኝ ነቃሁ።
ባትሪው በእጇ፣
እንባው በጉንጯ።
አልጮኸችም። «ነገ ጀልባ አለ» ብቻ ነው ያለች፤
የእኔን ሸሚዝ፣ የእሷን ሻል፣ በአንድ ጨርቅ ጠቀለለች።

ጉዋሃቲ ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ሰው በሰው፤
ወረቀት ይዤ ስዞር፣ የቱን ለማን እንደምሰጠው
ጠፍቶኝ ስቆም፣ አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ።
ታንኬሽዋር ይባላል፤ ምላሱ እኩሌታው የለም፤
በልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔ እያንጫጫ ጻፈልኝ፦
«መጀመሪያ ቁጭ በል። ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል።
ለአስታማሚ ማደሪያ አለ፣ አልጋው አይከፈልበትም።
ቅጹን አብረን እንሞላለን። አንተ ብቻ አይደለህም።»
ከዚያ ሁሉ አፍ መሐል፣
ያ መናገር ያቃተው ነው የነገረኝ።

ቆረጡልኝ። ሰፉልኝ። ጉንጬ እንደ ጆንያ አፍ ተኮማተረ።
«ቶሎ መጣህ» አለችኝ ሐኪሟ፤ «ቢቆይ ሌላ ነበረ።»
ቶሎ!
ዐሥር ዓመት ከባትሪዋ ሸሽቼ፣
የተያዝሁት ተኝቼ።

አሁን በዚያው ዛፍ ሥር ዝንጅብልና ሙዝ እሸጣለሁ፤
ገበያው ቀዝቅዟል፣ አልዋሽም፤ አንዳንዴ እጄን አጣጥፌ እውላለሁ።
አንዳንዴም ቅጠሉ ያምረኛል፤ ሽታው ከሩቅ ሲመጣ፣
ምራቄን እውጣለሁ፣ ዝንጅብል እየቆረጥሁ በቁጣ።

ጀልባ ቀዛፊው ዲምቤሽዋር የቀድሞ ደንበኛዬ ነው፤
በየቀኑ «ታሙል» ይላል፣ «የለም» ስለው ይከፋዋል።
ትናንት ግን ጣቶቼን አሳየሁት፤
«እኔን» አልሁት፣ «አሁን ሁለት ነው የሚገባኝ።
ያንተን እስኪ ለካው።» ሳቀብኝ።
ሳቁን ሳይጨርስ ዞር አለ፣ ማንም እንዳያየው፣
ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ወንዙን ያየ መስሎ፣ ጣቱን ለካው።
አንድ።
ሁለት።
ከዚያ ተሳፋሪ ጠራው፤ ሦስተኛውን ሳላይ ሄደ።

ማታ ለላባኒያ ነገርኋት።
ምንም አላለች።
ተነስታ የባትሪዋን ድንጋይ ቀየረች።